«እንግሊዛዊ» የሚባለው የፒፓ ትምባሆ፤ ስሙን የሰጠው ጣዕም ነው ወይስ ቀረጥ?

ከቀበና ተነሥቶ በእንግሊዝ ኤምባሲ አጥር አጠገብ አልፎ ወደ መገናኛ የሚዘልቀውን የፍቅረ ማርያም አባ ተጫን መንገድ የያዘ ሰው ሲግናል ከሚባለው ሠፈር ይደርሳል። በስተሰሜን የየካና የእንጦጦ ተራሮች ይታያሉ፤ ከሥራቸውም ዛፍ የሞላበት ሰፊ ግቢ አለ። ይህን ቦታ ለእንግሊዝ ሌጋሲዮን የሰጡት ዳግማዊ ምኒልክ ናቸው። ሬኔል ሮድ የመራው መልእክተኛ ቡድን እ.ኤ.አ. በግንቦት 14 ቀን 1897 ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ውል ተፈራርሞ ከተመለሰ በኋላ በማግሥቱ ዓመት ካፒቴን ጆን ሃሪንግተን የመንግሥቱ ወኪል ሆኖ መጣ፤ ከዚያም ወዲህ ግቢው በሠፈሩ ሰው አፍ «እንግሊዝ ኤምባሲ» እየተባለ ለአውቶቡስ ፌርማታ ሳይቀር ስም ሆኖ ቀረ። በዚህ ጽሑፍ የምመረምረው ነገር ግን ግቢው አይደለም። «እንግሊዛዊ» የሚለው ቃል በአንድ ትንሽ ዕቃ ላይ፣ ማለት በፒፓ ትምባሆ ቆርቆሮ ላይ ሲጻፍ ምን ማለት እንደሆነ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት «ዓ.ም.» ካልተባለባቸው በቀር ሁሉም በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄው ትንሽ መስሎ ይታይ ይሆናል። ነገር ግን አንድ ዕቃ በአንድ አገር ስም ሲጠራ አገሪቱ ያበቀለችው ይመስለናል፤ የሐረር ቡና ስንል ሐረር የበቀለውን፣ የመንዝ በርኖስ ስንል መንዝ የተሠራውን ማለታችን ነው። እንግሊዛዊ ትምባሆ ግን እንግሊዝ አገር አልበቀለም። እንዲያውም እንግሊዝ አገር እንዳይበቅል በሕግ ተከልክሎ የኖረ ነው። እንግዲህ ስሙ ከየት መጣ?

አስቀድሞ ነገሩ ራሱ ምን እንደሆነ መግለጽ ያስፈልጋል። የፒፓ አጫሾችና ነጋዴዎች «እንግሊዛዊ ድብልቅ» ሲሉ በተለምዶ ሦስት ዐይነት ቅጠል የተቀላቀለበትን ማለታቸው ነው። አንደኛው ቨርጂንያ የሚባለው ነው፤ ይህም በዝግ ጎተራ ውስጥ ጢስ ሳይነካው በቱቦ በሚገባ ሙቀት የሚደርቅ፣ ቀለሙ ወደ ብጫነት የሚያደላ፣ በተፈጥሮው ስኳር የበዛበት ቅጠል ነው። ሁለተኛው ኦሪየንታል ወይም የቱርክ ቅጠል የሚባለው ሲሆን በመቄዶንያ፣ በትራስ፣ በኢዝሚርና በጥቁር ባሕር ዳርቻ የሚበቅል፣ ቅጠሉ ትንንሽ፣ በፀሐይ የሚደርቅ፣ ሽታው የጠነከረ ነው። ሦስተኛው ላታኪያ ነው፤ እርሱም ፀሐይ ካደረቀው በኋላ በእንጨት ጢስ ለብዙ ቀናት ታጥኖ ጥቁር እስኪሆን ድረስ የተዘጋጀ ቅጠል ነው። ከእነዚህ ሌላ ምንም አይጨመርበትም። ማር፣ ስኳር፣ ቫኒላ፣ ሮም፣ የፍራፍሬ ጭማቂ፣ ይህ ሁሉ የለበትም። ይህ የሌለበት መሆኑ ደግሞ ያለበትን ያህል መታወቂያው ነው። በአንጻሩ ያለው «አሮማቲክ» የተባለው ዐይነት በአሜሪካና በዴንማርክ የበዛው ነው፤ በዚህኛው ቅጠሉ፣ በተለይም በርሊ የሚባለው ፈሳሽን እንደ ሰፍነግ የሚመጠው ቅጠል፣ በጣፋጭ ውሃ ይነከራል፤ ሲጨስም ክፍሉን ሁሉ እንደ ኬክ ቤት ያሸተዋል።

ከሦስቱ ቅጠሎች አንዱም የእንግሊዝ ልጅ አይደለም። የመጀመሪያው የአሜሪካ፣ ሁለተኛው የኦቶማን ግዛት፣ ሦስተኛው የሶርያና የቆጵሮስ ነው። የቨርጂንያው ቅጠል ዛሬ የምናውቀውን መልክ ያገኘውም በጣም ዘግይቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1839 በሰሜን ካሮላይና፣ በካስዌል አውራጃ፣ አቢሻ ስሌድ የተባለ ባለ ርስት የነበረው ስቴፈን የሚባል ባሪያ የማድረቂያውን እሳት ሲጠብቅ እንቅልፍ ወስዶት እሳቱ ሊጠፋ ሲል በድንጋጤ ፍም ከሰል ጨመረበት፤ ድንገተኛውም ሙቀት ቅጠሉን ደማቅ ብጫ አደረገው ይባላል። ከዚያ በኋላ ብልጽግናው ለባለ ርስቱ ሆነ። ስቴፈን የአባቱ ስም እንኳ በታሪክ አልተጻፈለትም፤ ይህን ሳልጠቅስ ባልፍ ደስ አይለኝም።

ወደ እንግሊዝ እንመለስ። ንጉሥ ጄምስ አንደኛ ትምባሆን አጥብቆ የሚጠላ ሰው ነበር። በ1604 ትምባሆን የሚያወግዝ መጽሐፍ ራሱ ጽፎ አሳተመ። በዚያው ዓመት በአንድ ፓውንድ ክብደት 2 ፔንስ የነበረውን የጉምሩክ ቀረጥ ወደ 6 ሺሊንግ ከ10 ፔንስ ከፍ አደረገው። በዚያን ጊዜ አንድ ሺሊንግ 12 ፔንስ ስለ ነበር ቀረጡ 41 እጥፍ ሆነ ማለት ነው። ሰው ግን ማጨሱን አልተወም፤ የተወው ቀረጥ መክፈሉን ነው፤ በስውር የሚገባው በዛ። ንጉሡም ነገሩን ተመልክቶ ቀረጡን ዝቅ አደረገ፤ ከሃያ ዓመት በኋላም፣ በ1624፣ የትምባሆን ማስገባት የዘውድ ሞኖፖል አደረገው። ጠላቱ ነጋዴው ሆነ ማለት ነው። ይህን ነገር አንባቢው በልቡ ይያዝልኝ፤ ወደ አገራችን ስንመለስ ያስፈልገናል።

ጆን ሮልፍ በ1612 ገደማ በቨርጂንያ ቅኝ ግዛት ጥሩውን ዘር ከዘራ ወዲህ ዘውዱ ከቅኝ ግዛቱ የሚያገኘው ገቢ በዚህ ቅጠል ላይ ቆመ። ከዚህም የተነሣ እንግሊዝ አገር የሚበቅለው ትምባሆ ጠላት ሆነ፤ ምክንያቱም በወደብ በኩል ስላላለፈ ጉምሩክ አያገኘውም። በ1619 ክልከላው ተጀመረ፤ በ1652 ፓርላማው ሕግ አወጣ፤ በ1660 ደግሞ በዳግማዊ ቻርልስ ዘመን ሕጉ ተጠናከረ። በግሎስተርሺር አውራጃ በዊንችኮምብ ዙሪያ የነበሩ ገበሬዎች አንተውም ስላሉ ወታደር እየተላከ ማሳቸው ላይ ያለው ትምባሆ በሰይፍና በፈረስ ኮቴ ጠፋ። እንግዲህ «እንግሊዛዊ» የተባለው ነገር የመጀመሪያ ጠባዩ ከውጭ የመጣ መሆኑ ነው። እንግሊዝ ያበቀለችው ትምባሆ ሳይሆን በእንግሊዝ ጉምሩክ ያለፈ ትምባሆ ነው።

ሁለተኛው ጠባይ፣ ማለት «ምንም አይጨመርበትም» የሚለው፣ ከጣዕም ፍልስፍና የመጣ ይመስላቸዋል ብዙ ሰዎች። እንግሊዞች ቁጥብ ሕዝብ ስለ ሆኑ ትምባሆውንም ቁጥብ አደረጉት የሚል አባባል በአጫሾች ዘንድ ይሰማል። ይህ አባባል ደስ ይላል፤ ነገር ግን ታሪኩ አይደግፈውም። በአሥራ ዘጠነኛው ምእተ ዓመት የመጀመሪያ እኩሌታ በአንድ ፓውንድ ጥሬ ቅጠል ላይ የሚከፈለው ቀረጥ 3 ሺሊንግ ያህል ነበር፤ ይህም ከቅጠሉ ዋጋ ብዙ እጥፍ ነው። ቀረጡ የሚታሰበው በወደብ ላይ፣ በቅጠሉ ክብደት ነው። አሁን አንባቢው እንደ ፋብሪካ ባለቤት ሆኖ ያስብ። መቶ ፓውንድ ቅጠል ቀረጥ ከፍሎ አስገባ። በላዩ ላይ ሃያ ፓውንድ ስኳርና ውሃ ቢጨምር መቶ ሃያ ፓውንድ «ትምባሆ» ይሸጣል፤ ሃያው ግን ለመንግሥት ምንም አልከፈለም። ስኳር ርካሽ ነው፤ ቀረጥ የተከፈለበት ትምባሆ ግን ውድ ነው። ወተት ላይ ውሃ የሚጨምር ሰው የሚያገኘውን ትርፍ የሚያውቅ ሁሉ ነገሩን ሳይነገረው ይረዳዋል።

በ1840 ሕጉ ላላ ተደረገና የሌላ ተክል ቅጠል እስካልሆነ ድረስ ሌላ ነገር መጨመር ተፈቀደ። ውጤቱ ወዲያው ታየ፤ ስኳሩና የሸንኮራው አተላ እንደ ጎርፍ ገባ፣ የመንግሥት ገቢም ተጎዳ። ሁለት ዓመት ብቻ ቆይቶ በ1842 ንጹሕ ትምባሆ የሚባለው ሕግ ወጣ፤ ከውሃና ለሥራው ግድ ከሆኑ ጥቂት ነገሮች በቀር በትምባሆ ላይ ምንም እንዳይጨመር ከለከለ። ሕግ ብቻውን እንደማይበቃ የተረዱት የቀረጥ ሹማምንት በዚያው ዓመት በለንደን አንድ ትንሽ ላቦራቶሪ አቋቋሙ። መሪው ጆርጅ ፊሊፕስ የተባለ የቀረጥ መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ነበር፤ ሥራውም በማይክሮስኮፕና በኬሚስትሪ ትምባሆው ውስጥ የተደበቀውን ስኳርና የባዕድ ቅጠል መፈለግ ነበር። ያ ላቦራቶሪ እያደገ ሄዶ የእንግሊዝ መንግሥት ኬሚስት መሥሪያ ቤት ሆነ፤ በኋላ ምግቡን፣ መጠጡን፣ መድኃኒቱን ሁሉ የሚመረምር ሆኗል። በእኛ ኮሌጅ ኬሚስትሪ የሚማሩ ጓደኞቻችን የሙያቸው አንዱ የመንግሥት በር በትምባሆ ጢስ መካከል እንደተከፈተ ቢያውቁ ሳይገርማቸው አይቀርም።

ስለዚህ ከ1842 ጀምሮ ከመቶ ዓመት በላይ እንግሊዝ አገር የተሠራ ትምባሆ ያልጣፈጠው ጣፋጭ ስለ ተጠላ አይደለም። በ1863 የወጣው ሌላ ሕግ ነገሩን ግልጽ ያደርገዋል፤ ጣፋጭ የተጨመረበት ካቨንዲሽ የሚባለው ትምባሆ በጉምሩክ ቁልፍ ሥር ባለ መጋዘን ውስጥ ከተሠራና ከነስኳሩ ተመዝኖ ከተቀረጠ ይፈቀድ አለ። ይኸውም መንግሥቱ ከጣፋጩ ጋር ጠብ አልነበረውም፤ ጠቡ ያልተቀረጠ ክብደት ጋር ነበር። ሌላም ማስረጃ አለ። በሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ ኬንዳል በተባለች ከተማ ከአሥራ ስምንተኛው ምእተ ዓመት ጀምሮ የቆዩ ፋብሪካዎች ትምባሯቸውን እንደ ጽጌረዳና እንደ ጄራንየም በሚሸት ጥቂት ቅመም ሲያሸቱ ኖረዋል። ሽታው ክፍል ይሞላል፤ ሚዛን ላይ ግን ከቁጥር አይገባም። እንግሊዛዊነት ጣዕም ቢሆን ኖሮ ኬንዳል ከእንግሊዝ ውጭ በተባለች ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ልዩነት መጠቀስ አለበት፤ ብዙ ጊዜ የሚደባለቅ ነገር ነውና። ሕጉ ንጽሕናን አዘዘ እንጂ ላታኪያን አላዘዘም። የእንግሊዝ አገር ተራ አጫሽ፣ የመርከብ ሠራተኛውም የማዕድን ቆፋሪውም፣ ለብዙ ዘመን የሚያጨሰው ተጨቁኖ እንደ ጡብ የደረቀ ወይም በቀጭኑ የተቆረጠ የቨርጂንያ ቅጠል ነበር። ለእርሱ «እንግሊዛዊ» ይህ ነው። ላታኪያ ያለበትን ድብልቅ «እንግሊዛዊ» ማለት የጸናው በተለይ በአሜሪካ አጫሾች አፍ ነው፤ እነርሱ ከለንደን በቆርቆሮ የሚመጣላቸውን ጥቁርና ጢስ ጢስ የሚል ትምባሆ ከራሳቸው ጣፋጭ ትምባሆ ለመለየት የላኪውን አገር ስም ሰጡት። ስሙን ያወጣው ጎረቤት ነው ማለት ነው። ይህ ነገር በሰውም ላይ በሕዝብም ላይ ሲደርስ አይተናል።

ላታኪያ ወደ ለንደን የገባበት መንገድ የንግድና የጦርነት መንገድ ነው። ከ1853 እስከ 1856 በተደረገው የክሪምያ ጦርነት እንግሊዞች ከቱርኮች ጎን ተሰልፈው ስለ ነበር መኰንኖቹ የምሥራቁን ትምባሆ ለምደው ተመለሱ። ከዚያ በኋላ በለንደን የምሥራቅ ቅጠል የሚያውቁ ነጋዴዎች በዙ፤ ሶብራኒ የተባለው ቤት በ1879 ተከፈተ፤ አልፍሬድ ደንሂል በ1907 በዱክ ስትሪት ሱቁን ከፍቶ ለእያንዳንዱ ደንበኛ እንደ ምርጫው እየቀላቀለ፣ የቅልቅሉንም መጠን በመዝገብ ላይ በቁጥር እየጻፈ ይሸጥ ጀመር። ደንበኛው ቁጥሩን ብቻ ጠርቶ ከዓመት በኋላ ያንኑ ማግኘት ይችላል። ይህ ብልሃት ከሕጉ ጋር እንዴት እንደሚስማማ ልብ ይሏል፤ ነጋዴው ማር ወይም ሮም ጨምሮ ዕቃውን ልዩ ማድረግ ካልቻለ ልዩነት የሚያመጣበት የቀረው መንገድ ቅጠልን ከቅጠል ማዋሐድ ብቻ ነው። ክልከላው የመቀላቀልን ጥበብ አበለጸገ። ሰም ለበስ ቅኔ ሁሉም ነገር በግልጽ በሚነገርበት ቦታ እንደማይበረታ የሚያውቅ የቅኔ ተማሪ ይህን ከእኔ ይልቅ አሳምሮ ያስረዳው ነበር።

አሁን ስለ ላታኪያ ራሱ ትንሽ ልቆይ፤ ለእኛ የሚቀርበው ይህ ነውና። ላታኪያ በሶርያ የባሕር ዳርቻ ያለች ወደብ ናት፤ ከበስተኋላዋ ተራራ አለ። እንደሚተረከው አንድ ጊዜ የተራራው ገበሬዎች ያመረቱትን ትምባሆ መሸጥ ስላልቻሉ በቤታቸው ጣሪያ ሥር ሰቅለው አከረሙት። በክረምቱ ከምድጃ የሚወጣው ጢስ ጠጥቶ ጠቆረ፤ ሲያጨሱት ግን ከቀድሞው ይልቅ ጣመ። ከዚያ በኋላ ሆን ብለው እንጨትና ሽታ ያለው ቁጥቋጦ እያጨሱ ያዘጋጁት ጀመር። ታሪኩ በትክክል እንዲህ ይሁን አይሁን፣ በአገራችን ጎጆ ውስጥ ያደገ ሰው ሊያምነው አይቸገርም። በማድ ቤታችን ጣሪያ ሥር የዘር በቆሎ ከምድጃው በላይ ተሰቅሎ ነቀዝ እንዳይበላው በጢስ ሲጠቁር አይተናል። እናቶቻችን የወተቱን ዕቃ በወይራ ያጥኑታል፤ የጠላውን ጋን በግራዋ አጥበው በወይራ ጢስ ያጥኑታል። እንጨቱንም ይመርጣሉ። በየካና በእንጦጦ ተራራ ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወዲህ ባሕር ዛፍ ቢሞላም ለማገዶ እንጂ ለዕቃ ማጠኛ ማንም አይወስደውም፤ ሽታው ወተቱን ያበላሸዋልና። የላታኪያም አዘጋጆች እንዲሁ እንጨት ይመርጣሉ፤ ለዚህም የሚቆረጠው ዛፍ ብዙ ስለ ሆነ የሶርያው ምርት እየቀነሰ ሄዶ ከቅርብ ዘመን ወዲህ በገበያ ላይ የሚገኘው በአብዛኛው የቆጵሮስ ስም ያለበት ነበር።

ከዚህ አንድ የሕግ እንቆቅልሽ ይወጣል። የእንግሊዝ ሕግ «ምንም አይጨመር» አለ። ላታኪያ ግን ጢስ ተጨምሮበታል፤ ያውም ከስኳር ይልቅ ጣዕሙን የለወጠ ጢስ። ታዲያ ለምን አልተከለከለም? መልሱ አሁንም ሚዛኑ ነው። ጢስ አይመዝንም። የታጠነው ጋን ላይ ሚዛን ብናስቀምጥ ከመታጠኑ በፊት ከነበረው የተለየ አናገኝም፤ ጠላው ግን ሌላ ጠላ ሆኗል። በተጨማሪም ማጠኑ የሚደረገው በትውልድ አገሩ፣ ቅጠሉ ገና ለእንግሊዝ ጉምሩክ ሳይቀርብ ስለ ሆነ ቀራጩ በተመለከተው ጊዜ ጥቁር ቅጠል እንጂ የተጨመረ ነገር አላየም። እንግሊዛዊ ድብልቅ ዛሬ የሚታወቅበት ያ የጢስ ሽታ በሕጉ ቀዳዳ የገባ ነው ብል አላጋነንሁም።

በአገራችን ደግሞ የትምባሆ ነገር በሌላ መንገድ ሄዷል። ትምባሆ የአሜሪካ ተክል ነው፤ ኮሎምቦስ በ1492 ከመድረሱ በፊት በአፍሪካም በእስያም አይታወቅም ነበር። ስለዚህ ወደ ኢትዮጵያ የገባው ከአሥራ ስድስተኛው ምእተ ዓመት ወዲህ መሆን አለበት፤ ስሙም የመጣበትን አቅጣጫ ይናገራል፤ ትምባሆ የሚለው ቃላችን ዐረቦች «ቱንባክ» ከሚሉት ጋር ዘመድ ነው። ሕዝቡ ያጨሰበት የነበረው ዕቃ ጋያ ይባላል፤ ቅል ውስጥ ውሃ ተደርጎ፣ በላዩ የሸክላ ጽዋ ተሰክቶ፣ ጢሱ በውሃው ውስጥ አልፎ በሸንበቆ የሚሳብበት ነው። ፒፓ የሚለው ቃል ግን የኢጣልያኖች ነው። እንግሊዞቹ በየካ ሥር ከሠፈሩ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗቸው ሳለ የዕቃውን ስም ከእነርሱ አለመውሰዳችን ያስገርማል።

በቤተ ክህነት አካባቢ ትምባሆ በአርዮስ መቃብር ላይ የበቀለ ነው የሚል ትውፊት ሲነገር ኖሯል። አርዮስ የሞተው በ336 ስለ ሆነ በታሪክ ሚዛን ይህ ሊቆም እንደማይችል ግልጽ ነው፤ ነገር ግን ትውፊቱን በዚህ ብቻ መጣል አይገባም፤ የተናገረው ስለ ተክል ታሪክ ሳይሆን ስለ ማኅበር ወሰን ነው። ትምባሆ፣ ጫትና ቡና ለረጅም ዘመን በክርስቲያኑ ዘንድ የእስላም ልማድ ተደርገው ይቆጠሩ ነበር። ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ፣ ከ1872 እስከ 1889 የነገሡት፣ ትምባሆን በዐዋጅ ከለከሉ፤ ያጨሰ ከንፈሩ፣ ሱረት የሳበ አፍንጫው እንዲቆረጥ ቅጣት መደንገጉ በሰፊው የሚታወቅ ነው። እዚህ ላይ ጄምስንና ዮሐንስን ማወዳደር ይቻላል። ሁለቱም ነገሥታት በሃይማኖት የጸኑ ነበሩ፤ ሁለቱም ትምባሆን የባዕድና የርኩስ ልማድ አድርገው ተመለከቱት። ጄምስ ጉምሩክ ስለ ነበረው በቀረጥ ቀጣ፤ ዮሐንስ በየገበያው ቀራጭ አስቀምጠው የሚቈጣጠሩት የትምባሆ ወደብ ስላልነበራቸው በአካል ቀጡ። የቅጣቱ ልዩነት የጭካኔ ልዩነት ብቻ ሳይሆን የመንግሥት መሣሪያ ልዩነት ነው የሚለው የራሴ አስተያየት ነው፤ አንባቢው ሊቃወመው ይችላል።

የሚያስገርመው የነገሩ መጨረሻ መመሳሰሉ ነው። ጄምስ ከውግዘቱ እስከ ዘውድ ሞኖፖሉ ሃያ ዓመት ፈጀበት። በእኛም አገር ዐፄ ዮሐንስ ከሞቱ በ53 ዓመት፣ ከኢጣልያ ወረራ በኋላ አገሪቱ ገና ነጻ በወጣች ሰሞን፣ በ1942 የትምባሆ ሞኖፖል ተቋቋመ። በጠላት ዘመን ገንዘብ ላለቀበት መንግሥት በጥቂት እጅ ሊሰበሰብ የሚችል ገቢ ያስፈልገው ነበርና ምክንያቱ አይደነቅም። ሞኖፖሉ ኒያላን የመሳሰሉ ሲጋራዎች ሠራ፤ በሸዋ ሮቢት፣ በብላቴና በሐዋሳ እርሻዎች ቅጠል አስለማ። በደርግ ዘመን የትምባሆና የክብሪት ኮርፖሬሽን ሆነ፤ በኋላም ብሔራዊ የትምባሆ ድርጅት አክሲዮን ማኅበር ተባለ። በ2016 የጃፓን ትምባሆ ኩባንያ 40 በመቶውን በ510 ሚሊዮን ዶላር ገዛ፤ በ2017 መጨረሻ ደግሞ 434 ሚሊዮን ዶላር ጨምሮ ድርሻውን ወደ 71 በመቶ ገደማ አደረሰው። ንጉሡ ከንፈር ያስቆረጡበት ቅጠል በሁለት ሽያጭ 944 ሚሊዮን ዶላር አወጣ።

በእነዚህ እርሻዎች ላይ ቨርጂንያ መልማቱ ከርእሳችን ጋር ይገናኛል። የእንግሊዛዊው ድብልቅ መሠረት የሆነው ቅጠል በአገራችን መሬት ይበቅላል ማለት ነው፤ ነገር ግን የሄደው ሁሉ ወደ ሲጋራ ነው። ፒፓ ጊዜ ይጠይቃል፤ መጥቀጥቂያ፣ መኮርኮሪያ፣ ደጋግሞ መለኮስ አለበት። ሲጋራ በመንገድ ላይ በአንድ በአንድ ይሸጣል። ከተማው ወደ ሲጋራ ያደላው ፈረንጅን በመምሰል ብቻ ሳይሆን በኪሱ ባለው ሳንቲም ልክ ነው።

የመጨረሻው ምዕራፍ የቅርብ ጊዜ ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ዐዋጅ ቁጥር 1112 በሕዝብ መገናኛ ቦታ ማጨስን፣ የትምባሆ ማስታወቂያን፣ ሺሻን፣ እንደዚሁም ማጣፈጫ የተጨመረበትን የትምባሆ ውጤት ከለከለ። ምክንያቱ ከ1842ቱ የእንግሊዝ ሕግ ፈጽሞ የተለየ ነው። የእንግሊዙ ሕግ የጠበቀው ግምጃ ቤቱን ነበር፤ አጫሹ ንጹሕ ትምባሆ አጭሶ በካንሰር ቢሞት ሕጉ ግድ አልነበረውም፤ ያን ጊዜ የሚያውቅም አልነበረም። ትምባሆ ሳንባን እንደሚገድል በሚገባ የታወቀው በ1950 ዶልና ሂል በለንደን ሆስፒታሎች ያደረጉትን ምርመራ ካሳተሙ ወዲህ ነው፤ የፒፓም ጢስ የአፍና የጉሮሮ ካንሰር ከማምጣት አያድንም። የእኛው ዐዋጅ የሚጠብቀው ወጣቱን ነው፤ የቸኮላታና የፍራፍሬ ጣዕም ልጆችን የሚስብ ወጥመድ ነውና። ሆኖም በቃላቸው ሁለቱ ሕጎች አንድ ነገር ይላሉ፤ በቅጠሉ ላይ ማጣፈጫ አትጨምር።

እንግዲህ ዐዋጁ በጥብቅ ቢነበብ አሮማቲክ የተባለው የፒፓ ትምባሆ ሁሉ በጉምሩካችን ሊያልፍ አይገባውም፤ የማጣፈጫውን ክልከላ ሳይነካ ሊያልፍ የሚችለው፣ የማስጠንቀቂያው ሥዕልና ሌላው ግዴታ ሲሟላ፣ እንግሊዛዊ የሚባለው ድብልቅ ነው። የቨርጂንያው ቅጠል ብቻ የሆነው ያለ ጥርጥር ያልፋል። ላታኪያ ያለበት ግን ያንኑ የቆየ ጥያቄ እንደገና ያስነሣል። የለንደኑ ቀራጭ በሚዛን ስለ ለካ ጢስን አላየውም። የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን መርማሪ ግን ሚዛን አይደለም የሚይዘው፤ የሚጠይቀው «ጣዕም ተጨምሮበታልን?» ብሎ ነው። በወይራ የታጠነ ጋን ውስጥ ያለ ጠላ ማጣፈጫ ተጨምሮበታል የሚል ጠጪ አላጋጠመኝም፤ የታጠነ መሆኑን ግን ገና ዋንጫውን ወደ አፉ ሲያስጠጋ ያውቀዋል።